ወስፌና መኪና፤ ቆዳ በመኪና መሰፋት የጀመረበት ታሪክ

በየከተማችን በረንዳ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ልብስ የሚሰፋውን ሰው ያየ ሁሉ፣ የስፌት መኪና መጀመሪያ ለጨርቅ ተብሎ የተፈጠረ፣ ቆዳን መስፋት ግን በኋላ የተጨመረለት ሥራ ይመስለዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ሥዕሉ ተሥሎ፣ አሠራሩ በዝርዝር ተጽፎ የተገኘው የመጀመሪያው የስፌት መኪና ለጫማና ለቆዳ ዕቃ የታሰበ ነበረ። ነገር ግን ቆዳ ከጨርቅ ይልቅ እምቢተኛ ስለ ሆነ፣ መኪናው በጨርቅ ላይ ቶሎ ሲሠለጥን ቆዳን ፈጽሞ ለማሸነፍ መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት። በዚህም መቶ ዓመት ውስጥ ብዙ ብልኃተኞች ደከሙ፤ አንዳንዶቹ ከበሩ፤ የሚበልጡት ግን ሥራቸው ሌላውን ሲያከብር እነርሱ በድህነት ወይም በመረሳት ዓለፉ። የእጅ ሠራተኞችም ብዙ መከራ አዩ። ይህን ታሪክ ለአንባቢ በአጭሩ ማቅረብ የሚጠቅም መስሎ ታየን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የቆዳን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ጨርቅ በድርና በማግ የተሠራ ስለ ሆነ መርፌ ሲገባበት ክሩ ፈቀቅ ብሎ ያሳልፈዋል፤ መርፌው ሲወጣም ቀዳዳው ተመልሶ ይገጥማል። ቆዳ ግን ድርና ማግ የለውም፤ አንድ ጊዜ የተበሳ ቀዳዳ አይጠፋም። ስለዚህ ቆዳ ሰፊ የተሳሳተ እንደ ሆነ እንደ ልብስ ሰፊ ፈትቶ እንደ ገና ሊሰፋው አይችልም፤ ስሕተቱ ከሥራው ጋራ ይኖራል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ከተቀራረቡ ቆዳው በዚያው መሥመር ላይ ይቀደዳል፤ እጅግ ከተራራቁም ስፌቱ ይላላል። ደግሞም ቆዳ ወፍራም ሲሆን መርፌውን ጨብጦ ይይዘዋል፤ መርፌው ወደ ላይ ሲመለስ ቆዳው አብሮ ይነሣል።

ከጥንት ጀምሮ የቆዳ ባለሙያ ወስፌና መርፌ አብሮ የሚይዘው ስለዚህ ነው። ወስፌው መንገዱን ይከፍታል፤ መርፌው ክሩን ይዞ ይከተላል። የመጻሕፍታችንን ማኅደር ጠርዝ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም። በአውሮፓም ኮርቻና ልጓም የሚሰፉ ሰዎች በሰም የታሸ አንድ የተልባ እግር ክር ወስደው በሁለቱ ጫፍ ሁለት መርፌ ያስገቡበታል፤ ቆዳውን በወስፌ ከበሱ በኋላ ሁለቱን መርፌዎች ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ያሳልፏቸዋል። ስለዚህ በየቀዳዳው ውስጥ ክሩ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ በአንድ በኩል ቢበጠስ በሌላው በኩል ያለው ይይዘዋል። ሰሙም ክሩን ከእርጥበት ይጠብቀዋል፤ በቀዳዳውም ውስጥ አጥብቆ ያስቀረዋል። መኪና ሠሪዎች ሁሉ ሊደርሱበት የደከሙት ይህን የእጅ ስፌት ነው።

በእንግሊዝ አገር ቶማስ ሴንት የሚባል ቁም ሣጥን ሠሪ አናጢ ነበረ። ይህ ሰው በጁላይ 17 ቀን 1790 ቍጥሩ 1764 የሆነ የፈጠራ መብት ደብዳቤ ተቀበለ። ያሰበው መኪና የቆዳ ሰፊን እጅ የሚከተል ነበረ። ከላይ የተዘረጋ ክንድ አለው፤ በክንዱም ላይ የተሰካው ወስፌ ወርዶ ቆዳውን ይበሳል፤ ቀጥሎ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ መርፌ ክሩን በተበሳው ቀዳዳ ይገፋዋል፤ ከታችም ያለው ኩላብ ክሩን ይቀበለዋል። አንዱ ዙር ሌላውን እየያዘ ስለሚሄድ ስፌቱ ሰንሰለት ይመስላል። ሴንት የእጁን ሥራ ለሁለት ከፍሎ፣ ወስፌውን ለአንዱ ብረት መርፌውን ለሌላው ብረት ሰጠ ማለት ነው።

ነገር ግን ደብዳቤው የጫማን አሠራርና ለቆዳ የሚሆን የልዩ ልዩ ቅባት ቅመም ሁሉ በአንድነት የያዘ ስለ ነበረ፣ የስፌት መኪና በውስጡ እንዳለ ልብ ያለው አልነበረም። ሴንት መኪናውን ሠርቶ በሥራ ላይ እንዳዋለው የሚያስረዳ ምስክር አልተገኘም። ከሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1874 ኒውተን ዊልሰን የተባለ የስፌት መኪና ሠሪ የቀድሞ ደብዳቤዎችን ሲመረምር አገኘው። በሥዕሉም መሠረት አሠራው፤ ሆኖም አንዳንድ ነገር ሳያሻሽለው አልሰፋለትም። ዊልሰን ያሠራው መኪና በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ንብረት ሆነ። እንግዲህ አሳቡ ሲወለድ ከቆዳ ጋራ ተወለደ፤ ነገር ግን በመዝገብ ቤት ተኝቶ ሳለ ሌሎች በሌላ መንገድ እንደ አዲስ ፈለጉት።

እነዚህም ሌሎች ፊታቸውን ወደ ጨርቅ የመለሱ ነበሩ። በፈረንሳይ አገር ባርቴሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል ድኻ ልብስ ሰፊ በ1830 ለመኪናው መብት ተቀብሎ በፓሪስ ሰማንያ ያህል መኪና ተክሎ የወታደር ልብስ መስፋት ጀመረ። በ1831 ግን እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው ያሉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩበት። እርሱም ብዙ ጊዜ ሞክሮ ሳይቀናው በ1857 በድህነት ሞተ። በአሜሪካ አገር ዋልተር ሃንት በ1834 ገደማ ቀዳዳው በጫፉ የሆነ መርፌና መወርወሪያ ያለው መኪና ሠርቶ ሳለ መብቱን ሳይጠይቅ ተወው፤ ይህንም ያደረገው በመርፌ የሚተዳደሩ ሴቶች ሥራ እንዳያጡ ፈርቶ እንደ ሆነ ይነገራል። ቀጥሎ ኤልያስ ሃው በሴፕቴምበር 10 ቀን 1846፣ ይስሐቅ ሲንገርም በኦገስት 12 ቀን 1851 የየራሳቸውን መብት ተቀበሉ። በአገራችን ሲንጀር እየተባለ የሚጠራው መኪና ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

የእነዚህ የአሜሪካ መኪናዎች ስፌት ከሴንት ሰንሰለት የተለየ ነው። ከላይ መርፌው አንድ ክር ይዞ ይወርዳል፤ ከታችም መወርወሪያው፣ ልክ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ፣ ሁለተኛውን ክር በቀሰም ይዞ በመጀመሪያው ክር ዙር ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱም ክሮች በሚሰፋው ነገር መካከል ይቋለፋሉ። በዚህ ዓይነት መርፌው ራሱ ይበሳል፤ ወስፌ አያስፈልግም። ለጨርቅ ይህ በቂ ሆነ። ለቆዳ ግን ወስፌውን መተው ቀላል ነገር አልነበረም።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ሊን የምትባል ከተማ ነበረች፤ ሕዝቧም የሚበልጠው በጫማ ሥራ ይተዳደር ነበር። ወንዶቹ ከየቤታቸው አጠገብ በተሠሩ ታናናሽ ጎጆዎች ተቀምጠው የጫማውን ሶል ይሰፋሉ፤ ሚስቶቻቸውና ሴቶች ልጆቻቸው ደግሞ በቤት ውስጥ የላይኛውን ስስ ቆዳ በእጃቸው ይሰፉ ነበር። በ1852 ገደማ የሲንገር መኪና ለስስ ቆዳ እንዲስማማ ተደርጎ በሊን ሥራ ላይ ዋለ። ከዚህ በኋላ የሴቶቹ ሥራ ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ። መኪና ያለው ብዙ ይሠራል፤ በእጅዋ የምትሰፋው ሴት ግን ዋጋዋ እየረከሰ ሄደ። በዚህ ላይ በ1857 በአሜሪካ የተነሣው የገንዘብ ችግር ተጨመረበትና የጫማ ሠራተኞች ደመወዝ ወደቀ።

ስለዚህ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1860 የሊን ጫማ ሠሪዎች ሥራቸውን አቆሙ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏቸው። በማርች 7 ቀንም ብዙ ሴቶች በረዶ እየወረደባቸው በከተማይቱ አደባባይ ተሰልፈው ሄዱ። በዚያን ወራት ለፕሬዚዳንትነት ይታሰብ የነበረው አብርሃም ሊንከን ስለዚህ ነገር በአደባባይ ተናግሯል። ሠራተኞቹ አንዳንድ ፋብሪካዎች ደመወዝ እንዲጨምሩላቸው ቢያደርጉም ማኅበራቸውን የሚያውቅላቸው አላገኙም። የሊን ሰዎች ግን እንደ ፓሪስ ልብስ ሰፊዎች መኪናውን አልሰበሩም፤ የጠየቁት የሚገባቸውን ዋጋ ነው። ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በዚሁ ዘመን ከሁሉ የከበደው ሥራ፣ ማለት ወፍራሙን ሶል ከላይኛው ቆዳ ጋራ መስፋት፣ ገና ከእጅ አልወጣም ነበር። ይህን የፈታው ላይማን ብሌክ ነው። ብሌክ አስቀድሞ ለሲንገር ኩባንያ እየሠራ መኪናዎችን በጫማ ፋብሪካዎች ይተክል ስለ ነበረ፣ መኪናው የት ላይ እንደሚያቅተው በዓይኑ አይቷል። ጫማ ውስጡ ጎድጓዳ ስለ ሆነ መርፌና ክር ከሁለቱ ወገን ሊደርሱለት አይችሉም ነበር። ብሌክ እንደ ቀንድ የጎበጠ ክንድ ሠርቶ በጫማው ውስጥ አስገባ፤ ክሩ ከውስጥ በኩል በዚያ ቀንድ እንዲመጣ፣ መርፌውም ከውጭ ወርዶ እንዲይዘው አደረገ። ለዚህም በጁላይ 6 ቀን 1858 መብት ተቀበለ። ቀጥሎ መብቱን ጎርደን ማኬይ ለተባለ ባለ ገንዘብ ሸጠለት። ማኬይ መኪናውን አሻሻለው፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ ለወታደር ጫማ በብዙ ስለ ተፈለገ ሥራው ሰፋለት።

ማኬይ አንድ ሌላ ዘዴም አወጣ። መኪናውን አይሸጥም ነበር፤ ለፋብሪካዎች እያከራየ ከሚሰፋው ከየጥንዱ ጫማ ጥቂት ሳንቲም ይቀበል ነበር። በዚህ ምክንያት ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ፋብሪካ ሊከፍት ቻለ፤ ነገር ግን መኪናው ለዘላለም የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ። ይህ ልማድ እየሰፋ ሄዶ በ1899 ታላላቆቹ የጫማ መኪና ኩባንያዎች ተዋሕደው ዩናይትድ ሹ ማሽነሪ የተባለውን አንድ ኩባንያ እስኪያቆሙ ድረስ ደረሰ።

የብሌክ ስፌት ፈጣን ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። መርፌው ሶሉን ከውጭ እስከ ውስጥ ስለሚያሳልፈው ውሃ በስፌቱ በኩል ሊገባ ይችላል። የጎማን አሠራር ያሻሻለው የቻርልስ ጉድየር ልጅ፣ እርሱም ቻርልስ የሚባል፣ ኦገስት ዴስቱዊ የጀመረውን ባለ ጎባጣ መርፌ መኪና ይዞ በ1870ዎቹ ዓመታት አሻሻለው። በእርሱ አሠራር አንድ ቀጭን የቆዳ ጠፍር አስቀድሞ በላይኛው ቆዳ ዙሪያ ይሰፋል፤ ሶሉም የሚሰፋው ከዚያ ጠፍር ጋራ ነው። ይህ በእጅ የሚሠሩ ጥሩ ጫማ ሰፊዎች ከጥንት የሚያውቁት ስፌት ነው። ሶሉ ባለቀ ጊዜ የላይኛው ቆዳ ሳይጐዳ ተፈትቶ በሌላ ይተካል።

እስከዚህ ድረስ ስፌቱ ሁሉ በመኪና ሆነ። አንድ ሥራ ብቻ ቀረ፤ እርሱም የላይኛውን ቆዳ በፎርማ ላይ፣ ማለት በእግር አምሳል በተጠረበ እንጨት ላይ፣ ወጥሮ ማያያዝ ነው። ይህን የሚሠሩት ባለሙያዎች በብልኃታቸው የሚኮሩ ነበሩ፤ እጃቸውን የሚተካ መኪና አይገኝም ይሉ ነበር። ስፌቱ የፈጠነ ቢሆንም ጫማው ሁሉ የእነርሱን እጅ ይጠብቅ ነበር።

ይህን የመጨረሻ በር የከፈተው ያን ማትዘሊገር ነው። በ1852 በሱሪናም አገር በፓራማሪቦ ከሆላንዳዊ መሐንዲስና ከአንዲት ጥቁር ሴት ተወለደ፤ በዚያ አገር የባርነት ቀንበር ገና አልተሰበረም ነበር። በልጅነቱ የብረት ሥራ ተማረ፤ ኋላም መርከበኛ ሆኖ ወጥቶ በ1877 ገደማ ሊን ገባ። እንግሊዝኛ ሳይችል፣ ዘመድም ሳይኖረው፣ ጫማ ፋብሪካ ገብቶ የማኬይን የሶል መስፊያ መኪና የሚነዳ ሠራተኛ ሆነ። ቀን ሲሠራ የባለ ፎርማዎችን እጅ ይመለከታል፤ ማታ ደግሞ ቋንቋና ሥዕል ይማራል፤ ከሲጋራ ሣጥን እንጨትና ከሽቦ ምሳሌውን ይሠራል። ገንዘብ ስላልነበረው ከመብቱ ሁለቱን እጅ ለሁለት ባለ ገንዘቦች ሰጠ። በማርች 20 ቀን 1883 መብቱን ተቀበለ። በእጅ በቀን አምሳ ጥንድ ያህል ይሠራ የነበረው ሥራ በእርሱ መኪና ከመቶ አምሳ እስከ ሰባት መቶ ደረሰ፤ የጫማም ዋጋ ቀነሰ።

ማትዘሊገር ግን የድካሙን ፍሬ ብዙ አልበላም። በሳምባ ነቀርሳ ታሞ በኦገስት 24 ቀን 1889 ገና ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሊን በገባ ጊዜ ስለ ቆዳው መልክ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት አልተቀበሉትም ነበር፤ አንዲቱ ግን ተቀብላው ነበርና ከንብረቱ ከፍሎ ለእርስዋ ተናዘዘላት። የአሜሪካ መንግሥት በ1991 ሥዕሉን በፖስታ ቴምብር ላይ አትሞ አስቦታል። ስለ እንስሳ ቆዳ ይህን ያህል ያወቀውን ሰው ዓለም በሰውነቱ ቆዳ መዘነው፤ ይህን የሚያነብ ካህን ብዙ የሚያስብበት ነገር ያገኛል።

ከጫማ ወጥተን ወደ ኮርቻና ወደ ልጓም ብንመለከት ደግሞ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ለወፍራም የፈረስ ዕቃ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠሩት ከባድ መኪናዎች፣ ለምሳሌ የዱንካን ካምፕቤል መኪና፣ መርፌውን ብቻ አላመኑም። ወስፌ አስቀድሞ ቆዳውን ይበሳል፤ ወግቶም ሳለ ቆዳውን አንድ ስፌት ያህል ይገፋዋል፤ ከዚያ በኋላ መርፌው በተከፈተው መንገድ ገብቶ በሰም የታሸውን ክር ይስባል። ሴንት በ1790 የሣለው ወስፌ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ለጨርቅ የተሠራው መኪና የናቀውን መሣሪያ ቆዳ ራሱ አስመለሰው።

ለጥገና ሥራ ደግሞ የሲንገር ኩባንያ በስኮትላንድ በክላይድባንክ፣ ኪልቦዊ በተባለው ስፍራ በ1885 በተከፈተው ፋብሪካ ያሠራው 29ኬ የተባለው መኪና በብዙ አገር የታወቀ ነው። ክንዱ ረጅምና ቀጭን ስለ ሆነ ወደ ጫማ ውስጥ ይገባል፤ ተጫኝ እግሩም ዙሪያውን ስለሚዞር ሰፊው ጫማውን ሳያዞር ወደ ወደደው አቅጣጫ ሊሰፋ ይችላል። ፋብሪካው በ1980 ተዘግቷል፤ መኪናው ግን ብረቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ከሠሪው ቤት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ።

በዘመናችን ቦርሳና ቀበቶ፣ ጫማና መቀመጫ የሚሰፉት ከባድ መኪናዎች ሁሉ ይህን የመቶ ዓመት ትምህርት በውስጣቸው ይዘዋል። መርፌያቸው እንደ ልብስ መርፌ ሾጣጣ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ እንደ ስለት ተስሎ ቆዳውን ይቈርጣል፤ ይህም ወስፌና መርፌ በአንድ ብረት ተዋሕደው ማለት ነው። ተጫኝ እግራቸው ሁለት ነው፤ አንዱ ሲይዝ ሁለተኛው እየተራመደ፣ መርፌውም አብሮ እየሄደ ቆዳውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ስለዚህ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው አይዘገይም። ቀሰማቸው ትልቅ ነው፤ ወፍራም ክር ይይዛል። ኤሌክትሪክ የሚያዞራቸው ሲሆኑም ከፍጥነት ይልቅ ቀስ ብሎ በኀይል መውጋት ይፈለግባቸዋል፤ የፈጠነ መርፌ ግሎ ክሩንም ቆዳውንም ያበላሻልና።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር አልተለወጠም። የመኪና ስፌት ሁለት ክሮች በመካከል የሚቋለፉበት ስለ ሆነ፣ የአንዱ ወገን ክር በመታሸት ቢበጠስ ሌላው ብቻውን አጥብቆ ሊይዝ አይችልም፤ ስፌቱ እየላላ ይሄዳል። የሁለት መርፌ የእጅ ስፌት ግን አስቀድመን እንደ ተናገርን አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የሰው ሕይወት የሚታመንበትን የኮርቻ ዕቃ ዛሬም በእጃቸው የሚሰፉ ባለሙያዎች ያሉት ስለዚህ ነው። ይህን ስንል መኪናውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ለድኻ እግር ጫማ ያደረሰው እርሱ ነውና።

እንግዲህ በአገራችንም እንዲህ ያለውን ከባድ መኪና ገዝተው በቆዳ ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች አሉ፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ከመኪናው በፊት ቆዳውን ቢያውቁ፣ በወስፌና በመርፌ አንድ ቀበቶ በእጃቸው ሰፍተው ቢጀምሩ፣ መኪናው ለምን እንዲህ ሆኖ እንደ ተሠራ ያስተውላሉ፤ ሲያበላሽም ምክንያቱን ያገኙታል። ብሌክም ማትዘሊገርም ያልተፈታውን የፈቱት የሠራተኛን እጅ ቀርበው ስላዩ ነው። አሠሪ የሚሆኑትም የሊንን ሴቶች ያስቡ። በዚያ በረዶ የወጡት ሴቶች መኪናው ካፈራው ትርፍ የድካማቸውን ዋጋ እንጂ ሌላ አልፈለጉም።